የቁርስ ጉዞና ነፋስ፦ አስቸጋሪው መመለሻው ነው

ጥያቄ፦ የሞተር ክለባችን በዕረፍት ቀን ጠዋት ተሰብስቦ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ፣ ቁርስ በልቶ ይመለሳል። በዚህ ሳምንት 14 ሞተሮች እንወጣለን። ትንበያው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነፋሱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ነው ይላል። ከ4 ሰዓት በኋላ ግን አማካዩ 32 ይደርሳል፣ ድንገተኛው ደግሞ እስከ 58። መንገዱን የሚመታው ከጎን ነው። እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ጥቂት ወራት ነው፣ ሞተሬም 150 ሲሲ ነው። ባለፈው ጉዞ ነፋስ ገፍቶኝ ከመስመሬ ልወጣ ነበር። ነባሮቹ "ተጠጋግተን እንነዳለን፣ ነፋሱን እንከፋፈለዋለን፤ አንተ ከኋላ ሁን፤ ፍጥነት አትቀንስ፣ ሞተር የሚረጋጋው በፍጥነት ነው" ይሉኛል። አንዱ ደግሞ የጎማህን አየር ትንሽ ቀንሰው አለኝ። ልሂድ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ ትንበያው እንዳለ ከቀጠለ በሞተር አትሂድ። ከሰጡህ አራት ምክሮች ሦስቱ ስህተት ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት የሆነው ከሌሎቹ የባሰ አደገኛ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ግን ሰዓቱን እንይ። የቁርስ ጉዞ ሰውን የሚያታልለው መነሻው ላይ ነው። ሌሊት መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ከመሬቱ ጋር የተጠጋው አየርም ቀዝቅዞና ከብዶ ታች ይቀመጣል። ከላይ በፍጥነት የሚሄደው አየር ከታችኛው ጋር ስለማይቀላቀል ጎህ ሲቀድ ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው የታችኛው አየር ወደ ላይ ይነሳል፣ በምትኩ ያ የላይኛው ፈጣን አየር ፍጥነቱን ይዞ ይወርዳል። ለዚህ ነው ነፋሱ ረፋዱ ላይ ተነስቶ ከሰዓት በኋላ የሚበረታው። እንግዲህ እናንተ 1 ሰዓት ላይ ዛፉ ቅጠሉን ብቻ እያነቃነቀ ተሰብስባችሁ "ይኸው፣ ምን ነፋስ አለ?" ትባባላላችሁ፣ ትሄዳላችሁ፣ ትበላላችሁ፣ ጨዋታው ይደራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ስትነሱ 5 ሰዓት ሆኗል። መመለሻው ሌላ ቀን ነው ማለት ይቻላል። እና አሁን ደክሟችኋል፣ ቤትም ናፍቋችኋል። ስለዚህ ለቁርስ ጉዞ የሚወጣ ሰው የሚወስነው በመነሻው ሰዓት ሁኔታ ሳይሆን በመመለሻው ሰዓት ቁጥር ነው። አውሎ ነፋስ ወይም ከባድ ዝናብ እየመጣ ከሆነ ደግሞ ይህ የሰዓት ሥርዓት ራሱ አይሠራም፣ ሌሊቱንም ሲነፍስ ሊያድር ይችላል።

ቁጥሩንም ማንበብ ይፈልጋል። ትንበያ ላይ የምታየው አማካይ ነፋስ በተለምዶ ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ ለ10 ደቂቃ የተለካውን ያህል የሚወክል ነው። አንተ የምትቀመጠው ከዚያ በታች ስለሆነ ክፍት ባልሆነ ቦታ ከተጻፈው ያነሰ ሊሰማህ ይችላል። ድልድይ ወይም ከፍ ያለ መንገድ ላይ ግን ይህን ቅናሽ እርሳው። ለብቻው የሚጻፈው ድንገተኛ ነፋስ ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚቆየው ከፍተኛው ፍጥነት ነው፤ ሞተረኛን የሚጥለውም እሱ ነው። የማያቋርጥ ነፋስ እኮ ቀላል ነው። ሞተሩን ትንሽ ወደ ነፋሱ ታጋድላለህ፣ በዚያው ትቀጥላለህ፣ እጅህም ይለምደዋል። አስቸጋሪው ለውጡ ነው። ለዚህ እኔ አማካዩን አይቼ አልወስንም። በአማካዩና በድንገተኛው መካከል ያለውን ልዩነት ነው የማየው። በአንተ ትንበያ 32 እና 58 ነው። 26 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባልጠበቅከው ቅጽበት ይጨመርብሃል፣ ከዚያ ደግሞ በድንገት ይቀነስልሃል።

መንገድ ላይ ሆነህ ስልክ ማየት ካልቻልክ ዛፎቹን እይ። ትልልቅ ቅርንጫፎች ከተወዛወዙና የኤሌክትሪክ ሽቦ ካፏጨ ነፋሱ በሰዓት ከ39 እስከ 49 ኪሎ ሜትር ነው። ዛፉ ከነግንዱ ሲወዛወዝ፣ በእግር የሚሄድ ሰውም ሲቸገር ካየህ ከ50 እስከ 61 ደርሷል። ቀንበጥ እየተቆረጠ መንገድ ላይ ከወደቀ ከ62 በላይ ነው፣ ያኔ ደህና ቦታ ፈልገህ ትቆማለህ።

አሁን ወደ ግማሽ እውነቱ እንምጣ፤ "ሞተር የሚረጋጋው በፍጥነት ነው" ወደሚለው። ነፋስ በሌለበት ቀን እውነት ነው። ጎማው በፍጥነት ሲሽከረከር ሞተሩ ራሱን ያቃናል፣ በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚንገዳገደው ሞተር በ50 ቀጥ ይላል። የጎን ነፋስ ሲመጣ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። አንተ ላይ የሚያርፈው አየር ከጎን የሚነፍሰው ብቻ አይደለም። አንተ ራስህ እየነዳህ የምትሰነጥቀው አየርም ይጨመርበታል። የጎን ነፋሱ 40 ሆኖ አንተ 60 ብትነዳ፣ ሁለቱ ተደምረው (አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን በ90 ዲግሪ ስለሚመጡ ድምሩ 100 አይሆንም) ገላህ ላይ የሚያርፈው አየር 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ያው ነፋስ ሳይለወጥ አንተ 80 ብትነዳ 89 ይሆናል፣ 110 ብትነዳ 117 ይሆናል። ወደ ጎን የሚገፋህ ኃይል በግምት ከዚህ ቁጥር ጋር አብሮ ያድጋል። በሌላ አነጋገር ከ110 ወደ 60 ስትወርድ ነፋሱ ምንም ሳይቀንስ የሚገፋህ ኃይል ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ተገፍተህ ወደ መስመርህ እስክትመለስ የምትሄደው ርቀትም ያጥራል። ነባሮቹ "በፍጥነት ይረጋጋል" ሲሉ የሚሰማቸው የእጀታው መክበድ ነው። እጀታው ሲከብድ ሞተሩ የቆረጠለት ይመስላል፣ ነገር ግን እየተገፋ ነው።

በዚህ ተደናግጠህ ደግሞ ክፍት አውራ ጎዳና ላይ በ25 አትሳብ። በጣም ዝቅ ያለ ፍጥነት ሚዛንህን ያሳጣሃል፣ ከኋላ የሚመጣውን መኪናም ያስቆጣል። ከወትሮው ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር መቀነስና አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጎ መንዳት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ማርሹን ዝቅ ማድረግ ለምን ይጠቅማል ካልክ፣ ነዳጅ ስትሰጥም ስትለቅም ሞተሩ ቶሎ ይመልስልሃል። ይህን ያህል ቀንሰህም መስመርህን መያዝ ካቃተህ፣ ከዚያ በላይ መቀነስ መፍትሔ አይሆንም። መቆም ነው።

"ተጠጋግተን ነፋሱን እንከፋፈለዋለን" የሚለው ከሳይክል ውድድር የተወረሰ ሐሳብ ይመስለኛል። ብስክሌተኞች ከፊት የሚመጣን አየር አንዱ ለአንዱ ይከልላሉ፣ ጉልበትም ይቆጥባሉ። አንተ ግን ጉልበት መቆጠብ አያስፈልግህም፣ ሞተር አለህ። አንተን የሚያሰጋህ ወደ ጎን መገፋት ነው። ከጎን ለሚመጣ ነፋስ ደግሞ ከፊትህ ያለው ሞተር ምንም አይከልልህም። እንዲያውም እሱን አልፎ የሚመጣው አየር የተበጠበጠ ነው፤ ሄልሜትህንና ትከሻህን ሲያንቀጠቅጥ ይሰማሃል። ጎን ለጎን መንዳትማ ጨርሶ አይታሰብም። ጠንካራ ድንገተኛ ነፋስ ቀላል ሞተርን ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ቢገፋው የሚገርም አይደለም። ጓደኛህ ያለው እዚያው አንድ ሜትር ላይ ከሆነ ምን እንደሚፈጠር አስበው።

ነፋስ በሌለበት ቀን የቡድን ጉዞ በዚግዛግ ነው የሚነዳው። አንዱ በመስመሩ ግራ፣ ቀጣዩ በቀኝ፣ በሰያፍ ከፊትህ ካለው 1 ሰከንድ፣ በቀጥታ ከፊትህ ካለው 2 ሰከንድ ርቀት ይጠበቃል። ጥሩ ሥርዓት ነው፣ ቡድኑም አይበታተንም። ነገር ግን ዚግዛጉ የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ግማሽ መስመር መያዝ ከቻለ ብቻ ነው። ነፋሱ ይህን ከከለከለህ ዚግዛጉ ይፍረስ። አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ ሙሉ መስመሩ የራስህ ሆኖ፣ በመካከል 3 ሰከንድ። በ80 ፍጥነት 1 ሰከንድ 22 ሜትር ነው፣ 3 ሰከንድ 67 ሜትር ገደማ ይሆናል። 14 ሞተር እንዲህ ከተሰለፈ ሰልፉ ከ850 ሜትር በላይ ይረዝማል። ይህን ማንም መኪና በአንድ ትንፋሽ ደርቦ ሊያልፈው አይችልም፣ ሰልፉ መሃል ይገባል፣ ከዚያ መጨናነቅ ነው። ስለዚህ 14ቱን ለሦስት ክፈሏቸው። በየቡድኑ ልምድ ያለው ሰው ፊት፣ ሌላ ልምድ ያለው መጨረሻ፣ በቡድኖቹ መካከል የጥቂት ደቂቃ ልዩነት። አብሮ የመታየት ደስታው ይቀንሳል፣ እሱ አያከራክርም። ፎቶውን ቁርስ ቤቱ በር ላይ አንሱት።

"አዲሱ ከኋላ" የሚለው ልማድ በብዙ ክለቦች አለ። ምክንያቱም ይገባኛል፣ ከኋላ ሆኖ ማንንም አያስቸግር ነው። ግን የሰልፍን ጸባይ ያላየ ሰው ምክር ነው። ፊት ያለው በ70 ሲሄድ መጨረሻ ያለው በ70 አይሄድም። ፊተኛው ትንሽ ቀንሶ ሲጨምር ለውጡ ወደ ኋላ እየሰፋ ይሄዳል፣ የመጨረሻው ሰው አንዴ ፍሬን ይይዛል፣ አንዴ ደግሞ ለመድረስ 90 እና 100 ይነዳል። እንግዲህ በነፋስ ቀን ከሁሉ የፈጠነ የሚነዳው ከሁሉ ያነሰ ልምድ ያለውና ከሁሉ የቀለለ ሞተር የያዘው ሰው ሆነ ማለት ነው። ያንተ ቦታ ከመሪው ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። መሪው በመስታወቱ እያየህ በአንተ አቅም ይነዳል፣ ሌላው ይከተላል። ነባሮቹ በዚህ ካኮረፉ ያኩርፉ። መጨረሻ ላይ የሚሆነው ሰው ደግሞ የቡድኑ ጎበዝ ነው፤ ስልክ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃና ትዕግሥት ያለው።

የጎማ አየሩን አትንካ። በአምራቹ በተጻፈው ልክ ይሁን፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለካው። አየሩ ሲያንስ ጎማው ይለሰልሳል፣ እጀታውን ስትገፋ ሞተሩ ዘግይቶ ይመልሳል። በነፋስ ቀን ከሁሉ የምትፈልገው ደግሞ ፈጣን ምላሽ ነው።

አንድ ያልጠየቅከኝ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም መነሳቱ አይቀርም። "የእኔ ሞተር ከባድ ነው፣ እኔን አይነካኝም" የሚል ሰው በየክለቡ አለ። ክብደት በእርግጥ ይረዳል፤ ያው ኃይል ከባዱን ሞተር በዝግታ ነው የሚገፋው። ነገር ግን ትልልቅ ሞተሮች ላይ ከፍ ያለ የንፋስ መስታወት፣ ሁለት የጎን ሳጥን፣ ከኋላ ደግሞ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሳጥን አለ። ይህ ሁሉ ነፋሱ የሚይዘው ስፋት ነው። ከኋላ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ሳጥን በተለይ ነፋሱ ሲመታው የፊት እግሩን ያቀልለዋል፣ እጀታው መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል። ለቁርስ የሚወጣ ሰው ሳጥን ምን ያደርግለታል? ፍታና ቤት ተወው። ከኋላ ሰው የሚጭኑም እንዲሁ ያስቡበት፤ የሚጨመረው ክብደት ብቻ አይደለም፣ ነፋሱ የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። የግድ ከሆነ ከኋላ ያለው ሰው ተጠግቶ ይቀመጥ፣ በራሱ ወዲያ ወዲህ አይጋደል። የሚርገበገብ ጃኬት፣ ያልታሰረ የቦርሳ ማሰሪያ፣ የክለብ ባንዲራ ካለ ባንዲራው፣ ሁሉም ይታሰር ወይም ይቅር።

አነዳዱ ላይ ስመጣ፣ ብዙ ሰው ነፋስ ሲመታው የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር እጀታውን ጨምቆ መያዝ ነው። ያስፈራል፣ ትይዛለህ፣ ተፈጥሯዊ ነው። ግን ክንድህ ሲደርቅ ነፋሱ ደረትህና ትከሻህ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በሙሉ በክንድህ በኩል ወደ እጀታው ይወርዳል፣ ሞተሩን ያወላገደው ነፋሱ መስሎህ አንተ ራስህ ትሆናለህ። ክርንህን አጠፍ፣ ጣትህን አላላ፣ ታንከሩን በጉልበትህ ያዝ፣ ደረትህን ዝቅ አድርግ። ነፋሱ ከግራ ሲመታህ የግራውን እጀታ ወደ ፊት ቀስ አድርገህ ግፋ፤ ሞተሩ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ነፋሱ ይጋደላል፣ መንገድህ ግን ቀጥ ይላል። ከቀኝ ሲመጣ የቀኙን። ይህን ነፋስ በሌለበት ባዶ ሜዳ ላይ በ40 እና በ50 ፍጥነት ተለማመደው። ወደ ግራ ለመሄድ የግራውን እጀታ መግፋት መጀመሪያ ላይ የተገለበጠ ይመስላል፣ ስለዚህ ድንገተኛ ነፋስ ሲመታህ የምትማረው ነገር አይደለም።

ብዙ ሰው የማይነግርህ ነገር ደግሞ ነፋሱ ሲቆምም እንደሚገፋህ ነው። ወደ ግራ ተጋድለህ ነፋሱን ተደግፈህ እየሄድክ ሳለ ግራህ ላይ ሕንፃ፣ ኮረብታ ወይም የጭነት መኪና ይመጣና ነፋሱን ይጋርደዋል። ድጋፉ ጠፋ፣ አንተ ግን አሁንም ወደ ግራ እንደተጋደልክ ነህ፤ ስለዚህ ወደ ግራ ትሄዳለህ። ግርዶሹን ስታልፍ ነፋሱ ሙሉውን ይመለሳል፣ ወደ ቀኝ ትወረወራለህ። ትልቅ የጭነት መኪና ደርቦ ማለፍ በነፋስ ቀን አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ከጎኑ ስትሆን ጸጥ ይላል፣ ከአፍንጫው ስትወጣ ይመታሃል። የግድ ካልሆነ አትደርበው። ከደረብከው ከእሱ የሚቻልህን ያህል ራቅ ብለህ፣ ምቱን እየጠበቅክ ይሁን። ከፊት ለፊት በፍጥነት የሚመጣ የጭነት መኪናም መጀመሪያ ይገፋሃል፣ ሲያልፍ ደግሞ ይስብሃል። በግራና በቀኝ የተቆረጠ ኮረብታ መውጫ፣ የድልድይ መጀመሪያ፣ በሕንፃዎች መካከል ያለ ክፍተት፣ የዛፍ ረድፍ የሚያልቅበት ቦታ፤ እነዚህን ሁሉ ከሩቅ እያየህ ከመድረስህ በፊት ፍጥነትህን ቀንስ። መሪው ሲመታ ካየህ አንተም በ3 ሰከንድ ውስጥ ትመታለህ፤ ከኋላ የመሆን ብቸኛው ጥቅም ይህ ማስጠንቀቂያ ነው።

መስመርህ ውስጥ የት ትሁን? ነፋሱ ወደሚገፋህ በኩል ቦታ እንዲተርፍህ አድርገህ። ከግራ ከነፈሰ ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ፣ ከቀኝ ከነፈሰ ትንሽ ወደ ቀኝ። ሆኖም የመስመሩ ጫፍ ድረስ አትሂድ፣ በተለይ በዚያ በኩል ከፊት ለፊት መኪና የሚመጣ ከሆነ፣ ምክንያቱም አሁን እንዳልኩህ ነፋሱ ሲቆም ወደዚያው ነው የምትሄደው። ነፋሱ ከፊት ለፊት ወደሚመጣው መኪና መስመር የሚገፋህ ከሆነ ደግሞ ያ ከሁሉ የከፋው አቅጣጫ ነው። የእናንተ መንገድ አንዱ ጉዞ እንደዚያ መሆኑ አይቀርም፣ ሲሄዱ ካልሆነ ሲመለሱ። ካርታ አውጥተህ የትኛው እንደሆነ አሁኑኑ እይ። መመለሻው ከሆነ የእኔን መልስ በሁለት አባዛው።

ፍሬንን በተመለከተ፣ ሞተሩ ወደ ነፋሱ ተጋድሎ ሳለ ጎማው ከአቅሙ የተወሰነውን ለዚያ እየተጠቀመ ነው። ስለዚህ በምቱ መሃል ጠንክረህ አትያዝ። ነዳጁን ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ ሞተሩን አቅና፣ ከዚያ ያዝ። አሸዋ ወይም ቅጠል መንገዱ ላይ ከተበተነ ይህ የበለጠ ግድ ይሆናል፣ ነፋስ ደግሞ ሁለቱንም ያመጣቸዋል።

መንገዱ ታጥፎ ነፋሱ ከፊት ከመጣ ብዙም አይጥልህም፣ ነዳጅህን ግን ይበላል። 80 እየነዳህ 30 የፊት ነፋስ ካለ አየሩ የሚያይህ በ110 ፍጥነት እንደሚነዳ ሰው ነው፤ የአየሩ ተቃውሞ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ቡድኑ ነዳጅ የሚሞላበትን ቦታ የሚወስነው ትንሹን ታንከር የያዘው ሰው ይሁን፣ ምናልባት አንተ ነህ። ከኋላ የሚመጣ ነፋስ ደግሞ ያዘናጋል፤ ሁሉም ጸጥ ይላል፣ ሳታውቀው ፍጥነትህ ይጨምራል፣ ፍሬን ስትይዝም አየሩ አያግዝህም። እና ድካም አለ። የሄልሜት ውስጥ ጩኸት በአውራ ጎዳና ፍጥነት ከ90 ዴሲቤል ያልፋል፣ በነፋስ ቀን ደግሞ ማባሪያ የለውም። የጆሮ መድፈኛ አድርግ። አንገትህ ከደከመ፣ ዓይንህ አንድ ቦታ ላይ መፍዘዝ ከጀመረ ለመቆም ምልክት ስጥ። ሼም የለውም።

ቁርስ ቤቱ ጋ ስትደርሱም ነፋሱ አልጨረሰም። በጎን ማቆሚያው የቆመ ሞተር ወደ ማቆሚያው በኩል ነው የሚጋደለው። ማቆሚያው በግራ ከሆነ ነፋሱ ከቀኝ እንዲመታው አድርገህ አቁመው፣ ያኔ ነፋሱ ማቆሚያው ላይ ይጫነዋል። ከግራ ከመታው ግን አቃንቶ ወደ ሌላው በኩል ይጥለዋል። አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ የመሃሉን ማቆሚያ ተወው፣ ልብስም አታልብሰው፤ ልብሱ እንደ ጀልባ ሸራ ነፋሱን ይዞ ይጎትተዋል። በተጠጋጋ ረድፍም አታቁሙ፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ ነው።

እንግዲህ ገደቡን እንቁረጥ። ይህ ሕግ አይደለም፣ እኔ ለቡድን ጉዞ የምጠቀምበት መለኪያ ነው። በመመለሻው ሰዓት ድንገተኛው ነፋስ ከ40 በታች ከሆነ ሁሉም ይሂድ፣ አዲሶቹ ከመሪው ቀጥሎ ሆነው። ከ40 እስከ 55 ከሆነ ልምድ ያላቸው ብቻ፣ አራት አምስት ሆነው፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ። ከ55 በላይ ከሆነ የቡድን ጉዞ የለም። ዝናብ ካለበት ወይም መንገዱ ረጅም ድልድይና ገደል የበዛበት ከሆነ ከእያንዳንዱ ቁጥር 10 ቀንስ። የእናንተ ትንበያ 58 ነው። ለአንተ ብቻ ሳይሆን ለክለቡም አልፏል።

ፋራ ይሉኛል ብለህ አትሸማቀቅ። ለክለቡ ሁለት አማራጭ አቅርብ። አንደኛው፣ ጎህ ሲቀድ 12 ሰዓት ላይ ተነስቶ 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ መብላትና ከ3 ሰዓት በፊት ቤት መግባት፤ ይህን የምለው በዚያ ሰዓት ድንገተኛው ከ40 በታች መሆኑን ማታና ጠዋት ካያችሁ ብቻ ነው፣ ያኔ አንተም ትሄዳለህ። ሁለተኛው፣ በመኪና ተሰብስቦ መሄድ። ሁለቱንም እምቢ ብለው በፊተኛው ዕቅድ ከወጡ አንተ ቅር። እነሱ ጋ መድረስ ካማረህም በአውቶቡስ ወይም በሰው መኪና ድረስባቸው፣ ስትመለስ ግን ማንም "ና ከኋላዬ ውጣ" ቢልህ አትውጣ።